የበስራው ዓሣ ሻጭ ልጅና የእርግቦች ጎጆ

በዛሬው የረመዷን ገጻችን የምናነሳቸው ሰው ፈቂህም ሙሐዲስም አልነበሩም፤ ጸሐፊ ነበሩ። ከጻፏቸው በርካታ ኪታቦች መካከል ትልቁ ስለ እንስሳት የሚናገር ነው። በዚህ ኪታብ ውስጥ ደጋግመው የሚመለሱበት ጉዳይ አለ። እንቁላሉን የሚታቀፈው ማነው? ጫጩቱን የሚያበላውስ? ጥሎ የሚሄደው የትኛው ነው?

ረመዷን ቤተሰብ በአንድ ማዕድ የሚሰበሰብበት ወር ነው። ከቁርኣን ሱራዎች መካከል በላም፣ በንብ፣ በጉንዳን፣ በሸረሪትና በዝሆን ስም የሚጠሩ እንዳሉም አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ የወላጅነት ሸክም በእንስሳት ዘንድ እንዴት እንደተደለደለ ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ታሪክ ለዚህ ሰሞን እንግዳ አይሆንም ብለን አሰብን።

ሙሉ ስማቸው አቡ ዑስማን ዐምር ኢብን በሕር ነው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ776 ገደማ፣ በሒጅራ ደግሞ በ160 አካባቢ፣ ዛሬ ኢራቅ በምንላት አገር ደቡብ በምትገኘው በስራ ነው። በስራ ያኔ የወደብ ከተማ ነበረች። ከህንድ በኩል የመጣ ዕቃ ይራገፍባታል። የበረሃ ዐረቦች ግመሎቻቸውን እየነዱ ሚርበድ ወደሚባለው ገበያዋ ይመጣሉ፤ ገጣሚውም የቋንቋ ሊቁም እዚያው ገበያ ላይ ይውላል። አያታቸው በግመል ነጂነት የኖሩ ጥቁር ሰው እንደነበሩ ተጽፏል። አባት ልጁ ነፍስ ሳያውቅ ሞቱ። ትንሹ ዐምር በእናቱ እጅ ቀረ።

ቤቱ የድሃ ቤት ነበር። ልጁ ሲሐን በሚባለው የውሃ ቦይ ዳር ዳቦና ዓሣ ሲሸጥ ያዩት ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ሽያጩን በወጉ የሚከታተል ነጋዴ አልወጣውም። ከገበያው ወደ መስጊዱ፣ ከመስጊዱ ወደ ሚርበድ እየተመላለሰ የሊቃውንቱን ክርክር ያዳምጣል፤ የሰማውን በደብተር ይጽፋል። እናት የቤቱን ወጪ ብቻዋን ተሸክማ ልጇ ወረቀት ሲያከማች ታያለች።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ከሚያወሩት ሁሉ እኛን የያዘን የሚከተለው ነው። አንድ ቀን ልጁ ርቦት ወደ ቤት ገባና ምግብ ጠየቀ። እናቱ ትሪ አቀረበችለት። ትሪው ላይ ዳቦ አልነበረም፤ ተደርድሮ የቀረበው የራሱ ደብተር ነበር። ምን እንደሆነ ቢጠይቃት፣ ወደዚህ ቤት የሚያመጣው ይኸው ብቻ ስለሆነ የሚበላውም ይኸው መሆኑን ነገረችው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣና መስጊድ ሄዶ ተቀመጠ። ሙወይስ ኢብን ዒምራን የሚባል ባለጸጋ ጓደኛው ሐዘኑን አይቶ ጠየቀው፤ ሲነግረውም ወደ ቤቱ ወስዶ 50 ዲናር ሰጠው። ዐምር ገበያ ወርዶ ዱቄትና ሌላ የቤት አስቤዛ ገዛ፤ በተሸካሚዎች አስይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። እናት ደንግጣ ከየት እንዳመጣው ብትጠይቀው፣ በትሪ ካቀረበችለት ደብተሮች መሆኑን መለሰላት።

ታሪኩን ብዙ ሰው የሚያወራው ለመልሱ ብልሃት ነው። እኛ ግን የእናቲቱ ጉዳይ ይበልጥብናል። ክፋት ይሁን ተግሣጽ፣ ተስፋ መቁረጥ ይሁን ማስተማር፣ ጸሐፊዎቹ አይሉንም። ልጆች ያሏት ሴት ሁሉ የራሷ ግምት ይኖራታል።

ወጣቱ ሲያድግ ሰዎች ያወጡለት ስም ከእውነተኛ ስሙ በለጠ። ዓይኖቹ ፈጠጥ ብለው የወጡ ስለነበሩ አል-ጃሒዝ አሉት፤ በእኛው ቋንቋ ዓይነ ፈጣጣው እንደማለት ነው። ዓለም የሚያውቃቸው በዚህ ስም ነውና እኛም በክብር እንደዚሁ እንጠራቸዋለን። ጃሒዝ ቋንቋን ከእነ አስመዒና ከእነ አቡ ዑበይዳ ተማሩ። ኪታብ የመግዛት ዐቅም ስላልነበራቸው የመጻሕፍት ነጋዴዎችን ሱቅ ለሌሊቱ እየተከራዩ፣ እዚያው ታጥረው ሲያነቡ ያድሩ ነበር ይባላል። በዐቂዳ ረገድ የሙዕተዚላ ወገን ነበሩ፤ በዚህም እንደ ኢብን ቁተይባ ያሉ ዑለሞች ክፉኛ ተችተዋቸዋል። ያ ክርክር የራሱ ቦታ ስላለው እዚህ አንገባበትም።

የጽሑፋቸው ዝና ኸሊፋው መእሙን ጆሮ ደርሶ ወደ ባግዳድ ተጠሩ። በኸሊፋው ጽሕፈት ቤት ሥራ ተሰጥቷቸው በሦስተኛው ቀን ለቀቁ። በኋላም ሙተወኪል ልጆቹን እንዲያስተምሩለት አስጠርቷቸው፣ መልካቸውን ሲያይ 10,000 ዲርሃም ሰጥቶ ሸኛቸው፤ ይህን ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት እንደነበር ተጽፏል። ስለ ጥቁር ሕዝቦች ክብር በጻፉት አንድ ሪሳላ የቢላልንና የነጃሺን ስም በኩራት ያነሳሉ። የሐበሻ ልጆች ለሆንን አንባቢዎች ይህ ብቻውን አንድ ቀን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል።

አሁን ወደ ኪታበል ሐየዋን፣ ማለትም ወደ እንስሳት መጽሐፋቸው እንለፍ። በዘመናችን ዐብዱሰላም ሃሩን አርመው ካይሮ ላይ ያሳተሙት 7 ቅጽ ነው። በቅደም ተከተል የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። ስለ ውሻ ጀምረው ግጥም ውስጥ ይገባሉ፤ ከግጥሙ ወደ ቀልድ፣ ከቀልዱ ወደ ሃይማኖት ክርክር ይሻገራሉ፤ አንባቢ እንዳይሰለች ብለው ሆን ብለው እንዳደረጉት ራሳቸው ይናገራሉ። የአርስቶትልን የእንስሳት መጽሐፍ በዐረብኛ ትርጉም አንብበዋል፤ ነገር ግን ሁሉን አሜን ብለው አልተቀበሉም። የሰሙትን ይዘው መርከበኛውን፣ የበረሃውን ሰው፣ እባብ አዳኙን ሄደው ይጠይቃሉ። የመጽሐፉ ዓላማም ግልጽ ነው፤ ትንሿ ፍጥረት የፈጣሪዋን ጥበብ ለማሳየት ከትልቁ እንደማታንስ ማስረዳት ነው።

የበስራ ሰው በእርግብ ያበደ ነበር። መልእክት አድራሽ እርግቦች ከሩቅ አገር ተለቀው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ዘራቸው እንደ ፈረስ ዘር ይቆጠራል። የአንዲቱ ዋጋ እስከ 500 ዲናር ይደርስ እንደነበር ጃሒዝ ጽፈዋል። በደብተሩ ታሪክ ያየነው 50 ዲናር አንድ ቤት በአስቤዛ እንደሞላ ካስታወስን፣ ይህ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ገንዘብ የፈሰሰበት ነገር ደግሞ በደንብ ይታያል። እርግብ አርቢዎቹ ከጎጆው አጠገብ ስለማይጠፉ ጃሒዝ ከእነርሱ የሰበሰቡት እውቀት ዛሬም ያስገርማል።

እንዲህ ይላሉ። ወንዱና ሴቷ ገና እንቁላል ሳይኖር አብረው ጭራሮና ገለባ ለቅመው ጎጆውን ያበጃሉ፤ እንቁላሉ እንዳይንከባለል ጠርዙን ከፍ፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርገው ይሠሩታል። ከዚያ ተራ ገብተው ይታቀፋሉ። ከቀኑ የተወሰነውን ሰዓት ወንዱ ይይዛል፣ የቀረውን ሴቷ። ጫጩቱ ሲፈለፈል ከጉሮሮው በታች ያለው የምግብ ከረጢት የተጣበቀ ስለሆነ፣ መጀመሪያ አየር ይነፉበታል። ከረጢቱ ሲከፈትም ጠንካራ ምግብ እንደማይችል ስለሚያውቁ እህል አይሰጡትም፤ ከራሳቸው ጉሮሮ የሚወጣ ምራቅ መሰል ፈሳሽ ያጠጡታል። ቀጥሎ ከግድግዳ ሥር ጨዋማ አፈር ለቅመው ያጎርሱታል፤ ከረጢቱ እንዲጠነክር። ከዚያ በኋላ ነው እህል የሚመጣው። ጫጩቱ ራሱ መልቀም እንደሚችል ሲያዩ ደግሞ ማጉረሱን ይቀንሳሉ፤ ለምኖ ቢመጣም ይከለክሉታል። ረሃቡ ወደ መሬት እንዲያይ ያስገድደዋል።

ስለ አየር መንፋቱና ስለ አፈሩ የዘመኑ ሳይንስ የተለየ ማብራሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ምራቅ መሰል ፈሳሽ ግን እውነት ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሃንተር በ1786 የእርግብ ከረጢት ከውስጥ ወፍሮ ወተት መሰል ነገር እንደሚያመነጭ በዝርዝር ጻፈ። ዛሬ የእርግብ ወተት ይባላል። ጫጩቷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትበላው ይህን ብቻ ነው። አስደናቂው ነገር ወተቱን አባትም እናትም እኩል ማምረታቸው ነው፤ የሚያስነሳውም በሰው እናት ጡት ወተት እንዲወርድ የሚያደርገው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ነው። ተራው እንኳ ከጃሒዝ ጽሑፍ ጋር ይስማማል። ወንዱ ከረፋድ እስከ ከሰዓት ይታቀፋል፤ ሴቷ ከዚያ እስከ ማግሥቱ ጠዋት። ይህ ከ17 እስከ 19 ቀን ይቀጥላል።

ስለ ጥንዶቹ ታማኝነት ሲመጣ ጃሒዝ ነገሩን አያስጌጡም። ሙሰና ኢብን ዙሀይር የተባለ የእርግብ ዐዋቂ የነገራቸውን ጽፈዋል። ከባሏ ሌላ ለማንም የማትቀርብ እርግብ አለች፤ ባሏ ሲሞት ብቻዋን የምትኖር አለች፤ ማንንም የማትመልስ ደግሞ አለች። ሰውየው በወንድና በሴት መካከል ያየውን ሁሉ በእርግቦችም እንዳየው ይመሰክራል። እርግብን የታማኝነት ምሳሌ ማድረግ ቀላል ነበር፤ አንባቢም ይወደው ነበር። ጃሒዝ ግን የምሳሌውን አንድ ገጽ ብቻ አላሳዩም። ከ1980ዎቹ ወዲህ ተመራማሪዎች በዘረመል ምርመራ የብዙ ወፎችን ጎጆ ሲፈትሹ፣ አብሮ በሚያሳድግ ጥንድ ጎጆ ውስጥ የሌላ ወንድ ጫጩት መገኘቱ ብርቅ እንዳልሆነ ደርሰውበታል። ይህ ገጽ በቤተሰብ ፊት የሚነበብ ስለሆነ በዚሁ እንለፈው።

ከእርግብ ወደ ዶሮ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ሁለት ቅጾች አብዛኛው ክፍል የውሻ ወዳጅና የአውራ ዶሮ ወዳጅ የሚሟገቱበት ነው። በአውራ ዶሮ ላይ ከቀረቡት ክሶች ከባዱ የአባትነት ክስ ነው፤ ልጁን ለይቶ አያውቅም፣ ከአንዲት ሴት ጋር አይጸናም፣ እንቁላል አይታቀፍም። የእርሱ ጠበቃ ደግሞ እህል ሲያገኝ ሳይበላ ጠርቶ ለሴቶቹ እንደሚጥል ይከራከራል። እዚህ ላይ ሱማማ የተባለው ወዳጃቸው የተናገረው ቀልድ ይገባል። በየአገሩ ያለ አውራ ዶሮ ለሴቷ እህል ይጥላል፤ የመርው ከተማ አውራ ዶሮ ብቻ ከሴቷ አፍ ነጥቆ ይበላል። ስለዚህ የመርው ሰዎች ንፍግነት ከውሃቸውና ከአፈራቸው የመጣ ነው ማለቱ ነው። የመርው ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ አልተጻፈም።

ለምንድን ነው የእርግብ አባት የሚታቀፈው፣ የዶሮ አባት የማይታቀፈው? ጫጩቶቹን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። የዶሮ ጫጩት በ21 ቀኗ ላባ መሰል ጸጉር ለብሳ፣ ዓይኗን ገልጣ ትወጣለች፤ በዚያው ቀን እናቷን ተከትላ ትጭራለች። ለእሷ አንድ ጠባቂ በቂ ነው። የእርግብ ጫጩት ግን ዕውርና እርቃን ሆና ትወለዳለች፤ አንዱ ወላጅ ሲያሞቅ ሌላው ካልበላና ወተት ካላዘጋጀ ትሞታለች። አባትየው ቢሄድ ልጁ አይተርፍም። በዓለም ካሉት 10 የወፍ ዝርያዎች 9 ያህሉ በጥንድ የሚያሳድጉት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንቁላል ማሞቅና ማጉረስ አባትም የሚችለው ሥራ ነው። አጥቢ እንስሳት ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ጽንሱ በእናት ሆድ፣ ወተቱም በእናት ጡት ስለሆነ አባት የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ከ10 ዝርያ አንዱ እንኳ በጥንድ አይኖርም። ጃሒዝ የሌሊት ወፍ እንደ ወፍ እየበረረች እንደምትወልድና እንደምታጠባ፣ ልጇንም ከክንፏ ሥር ይዛ እንደምትበር ጽፈው ተደንቀዋል። ሸክሙን ከአየር ላይ እንኳ የሚጋራት የለም።

ዐረቦች ድመት ልጇን የምትበላው ከፍቅር ብዛት ነው ሲሉ፣ የበረሃው እንሽላሊት ያንኑ ሲያደርግ ግን የጭካኔ ምሳሌ አድርገውታል። ጃሒዝ ይህን አድልዎ አይተው አላለፉትም። ሥራው አንድ፣ ስሙ ሁለት፤ ልዩነቱ ያለው ከሚፈርደው ሰው ዘንድ ነው።

ሰጎንም እንዲሁ በሞኝነት ተከሳለች። እንቁላሏን ትታ ምግብ ፍለጋ ትወጣለች፣ የሌላዋን እንቁላል አግኝታ ትታቀፋለች፣ የራሷን ትረሳለች ይባል ነበር። ጃሒዝም ይህን መዝግበዋል። በእነርሱ ዘመን ሰጎን በዐረብ በረሃ ትኖር ነበር፤ ከዚያ የጠፋችው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በአፋር ሜዳ ዛሬም አለች። የዘመኑ ጥናት ያየነው ነገር እውነት፣ ፍርዱ ግን ስሕተት መሆኑን አሳይቷል። ብዙ ሴቶች በአንድ ጎጆ ይጥላሉ፤ ዋናዋ ሴት ቀን፣ ጥቁሩ ወንድ ሌሊት ይታቀፋል። ዋናዋ ከሌሎቹ መካከል የራሷን እንቁላል ለይታ ታውቃለች፤ የእሷን መሐል አድርጋ፣ የሌሎቹን ወደ ዳር ትገፋለች። ጅብ ወይም ቀበሮ ሲመጣ ቀድሞ የሚበላው የዳሩ ነው። ሞኝ የተባለችው ሒሳቧን የምታውቅ ናት።

ስለ ቀጭኔ የጻፉት ለእኛ ከሁሉ ይጥመናል። ከኑብያ በላይ ባሉ አገሮች፣ በበጋ ሐሩር አራዊት ሁሉ በአንድ ውሃ ላይ ይገናኛሉ፣ እዚያ ከግመል፣ ከዱር ላምና ከጅብ ተዳቅላ ቀጭኔ ተወለደች የሚል ወሬ ነበር። ጃሒዝ ወሬውን ውድቅ አደረጉት፤ ምንጩንም አገኙት። ፋርሶች ቀጭኔን የሚጠሩት ግመል፣ ላምና ነብር የሚሉ ቃላትን ገጣጥመው ነው። ሰጎንንም ግመል ወፍ ይሏታል፤ ታዲያ ሰጎን የግመልና የወፍ ልጅ ናት የሚል አለ? ስም ወላጅ አይሆንም።

ሁልጊዜ ግን አልተሳካላቸውም። የአውራሪስ ጽንስ በሆድ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ራሱን ከእናቱ ሆድ አውጥቶ ሣር ይግጣል የሚለው የህንድ ወሬ በመጽሐፋቸው ገብቷል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ አል-መስዑዲ የሲራፍና የዑማን ነጋዴዎችን ጠይቆ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ አረጋገጠና ጃሒዝን ወቀሰ። ንስር ሦስት ጫጩት ፈልፍላ አንዱን ትጥላለች፣ አጥንት ሰባሪ የሚባለው ወፍ አንስቶ ያሳድገዋል የሚለውም ከአርስቶትል የመጣ ነው። አሳዳጊው ወፍ የለም። ጥቁር ንስር ሁለት እንቁላል ጥላ ሁለቱም ሲፈለፈሉ፣ ቀድሞ የተፈለፈለው ታናሹን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይገድለዋል፤ እናት ቆማ ታያለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያጽናና ነገር ፈልገን አላገኘንም።

ጃሒዝ ይህን ኪታብ ያበረከቱት ለወዚሩ ኢብኑ ዘያት ነው፤ 5,000 ዲናር ሸልሟቸዋል። ወዚሩ በ847 ተገልብጦ፣ ለሌሎች ባሠራው ባለ ሚስማር የብረት ምድጃ ራሱ ተሠቃይቶ ሞተ። ጃሒዝ ሸሹ፤ ተይዘው በሰንሰለት ቀረቡ፤ ከሞት ያተረፋቸው አንደበታቸው ነው። መጽሐፉን ሲጽፉ ጽኑ ሕመም እንደያዛቸው፣ አጋዥም እንዳልነበራቸው ከገጾቹ በአንዱ ይናገራሉ። በመጨረሻ ግማሽ ጎናቸው በድን ሆኖ ወደ በስራ፣ እናታቸው ትሪውን ወዳቀረበችበት ከተማ ተመለሱ። በሙሐረም 255 ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ868 መጨረሻ ወይም በ869 መግቢያ ላይ፣ ከ90 ዓመት በላይ ኖረው ሞቱ። የኪታቦች ክምር ተንዶባቸው ነው የሚል ወሬ አለ፤ ለእሳቸው የሚስማማ ስለሆነ ሰው ወደደው።

ከኪታበል ሐየዋን ጥንታዊ ቅጂዎች አንዱ ዛሬ ጣሊያን፣ ሚላኖ በሚገኘው የአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በማምሉኮች ዘመን የተጻፈ፣ ሥዕል ያለው ነው። ከሥዕሎቹ በአንዱ ሰጎን እንቁላሎቿን ታቅፋ ትታያለች።